የማይሸነፈው ኮት

በዚያ የምርጫ ክልል ምርጫ ሲቃረብ ሰው የሚጠይቀው መንገዱን ማን ያሠራል፣ ውሃውን ማን ያመጣል ብሎ አይደለም። «ልብስ ሰፊው ለማን ሰፋ?» ብሎ ነው። መልሱን ካገኘ በኋላ ወደ ኮሮጆው የሚሄደው ለወጉ ያህል ነው።

ጣጣውን የጀመረው ባለልኳንዳው ነው። ሕዝቡ ለመጀመሪያ ጊዜ ለምክር ቤቱ ተወካይ እንዲልክ ሲፈቀድለት ባለልኳንዳው ሙሉ ልብስ አሰፋ። ሰውየው ከመወፈሩ የተነሳ ልብስ ሰፊው የሜትሩን ጫፍ ደረቱ ላይ አስይዞት ዞሮ መምጣት ነበረበት። ታዲያ አሸነፈ። በድሉ ቀን ወንበር ላይ ወጥቶ የሚናገረው ቢጠፋው ጊዜ ኮቱን መታ መታ አደረገና «ይህን የለበሰ አይሸነፍም!» አለ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና ቃሉን የሚመልሰው ጠፋ። ባለልኳንዳው ራሱ በምክር ቤት ዘመኑ ሁሉ የተናገረው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱም «ብርድ ገባ፣ መስኮቱን ዝጉልን» የሚል ነበር።

በሚቀጥለው ምርጫ መምህሩ ከዚሁ ልብስ ሰፊ አዲስ ኮት አሰፋና ባለልኳንዳውን ዘረረው። የባለልኳንዳውስ ኮት የት ሄደ? ሰው መላ አያጣም፤ «ኮትም እንደ መድኃኒት ጊዜው ያልፍበታል» ተብሎ ታለፈ። ሦስተኛው ምርጫ ደግሞ ለወሬ ነጋሪም አይመች። አንደኛው እጩ ድምፅ ሊሰጥ ሳምንት ሲቀረው አረፈ። የድምፅ መስጫው ወረቀት ታትሞ አልቋል፣ ስሙን ማን ያውጣው? ሟቹ አዲሱን ኮት ለብሶ ተቀበረ፤ ተቀብሮም አሸነፈ። ተፎካካሪው ባለወፍጮው በሙት ሰው የተሸነፈ ሰው ሆኖ ቀረና ከዚያ ወዲህ በመቃብሩ በኩል ማለፍ ተወ። በአራተኛው ጡረተኛው ጸሐፊና የሟቹ ወንድም እኩል ድምፅ አመጡ፤ ዕጣ ወጣ፤ ጸሐፊው ተሸነፈ። አሸናፊው የለበሰውን ኮት ማን እንደሰፋው መናገር አያስፈልግም።

የልብስ ሰፊው ሱቅ ሁለት የስፌት መኪና፣ አንድ ረጅም ጠረጴዛና ከጓሮ የምትከፈት አንዲት ጠባብ በር ነበራት። ነገሩ ሁሉ ያለው በዚያች በር ላይ ነው። አሸናፊ የሆኑት ብቻ ሳይሆኑ የተሸነፉትም ሁሉ በእሷ ገብተው፣ ተለክተው፣ ኮታቸውን በጋዜጣ ጠቅልለው ወጥተዋል። «ተቃዋሚዬም መጥቶ ነበር ወይ?» ብሎ የጠየቀው አንድም ሰው የለም፤ ካልተጠየቀ ደግሞ ልብስ ሰፊውን ምን አስለፈለፈው? ዝም አይነቅዝም። «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» ይላሉ አበው፤ እሱ ግን ሁለቱንም ባላ የሚሸጥ ሰው ነበር። የተሸነፈ ሰው ኮቱን ለብሶ አደባባይ አይወጣም፤ ስለዚህ የታየው ምንጊዜም ያሸነፈው ኮት ብቻ ነው። የሚገርመው፣ ይህን ሁሉ እያወቀ ቀስ በቀስ እሱ ራሱም በእጁ ማመን ጀምሮ ነበር።

በዚህ ዓመት ግን እጩ ሆኖ የቀረበው ፎቶ አንሺው ነው፤ የልብስ ሰፊው ሚስት ታናሽ ወንድም። እናታቸው ስታርፍ ገና ዳዴ የሚል ልጅ ነበርና አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት።

«ስማኝ» አለችው ሚስቱ ካውያውን እንደያዘች። «ዘንድሮ ለወንድሜ ብቻ ነው የምትሰፋው። ለዚያች ለተፎካካሪው ለባለፋርማሲዋ አንዲት ክር ብታስገባላት ከዚህ ቤት ወይ አንተ ትወጣለህ ወይ እኔ እወጣለሁ!»

«እኔ? ለእሷ? ምን በወጣኝ!» አለ ልብስ ሰፊው።

በሦስተኛው ቀን የጓሮዋ በር ተንኳኳች። ባለፋርማሲዋ ናት፤ ጨርቋን ራሷ ገዝታ ይዛ መጥታለች።

«ልንገርህ፣ እኔ በዚህ በኮት ወሬ አላምንም» አለች ክንዷን ለልኬት እየዘረጋች። «ግን ሳልለብስ ቀርቼ ብሸነፍ እናቴ እስክትሞት አትለቀኝም።»

እምቢ ሊላት አፉን ከፍቶ ነበር። ግን ጨርቁ ጥሩ ነበር፣ ሜትሩም አንገቱ ላይ ነበር፣ እጅ ደግሞ የለመደውን አይተውም። ለካት።

ምርጫው ተካሄደ። ፎቶ አንሺው ኮቱን ለብሶ ሠፈሩን ሁሉ አዳረሰ፣ ያገኘውን ሁሉ ጨበጠ፣ የሕፃናቱን ፎቶ በነፃ አነሣ። ሆኖም ኮቷን በነጭ ጋዋኗ ሥር ደብቃ የለበሰችው ባለፋርማሲዋ አሸነፈች፤ ለዚያውም በሰፊው።

በማግስቱ ጠዋት ፎቶ አንሺው ወደ ሱቁ መጣ። እህቱ ዓይኗ አብጦ ጥግ ተቀምጣለች። ኮቱን በደንብ አጥፎ ጠረጴዛው ላይ አኖረው።

«ያው ጋሼ፣ መለስኩልህ። ለሌላ ሰው አስተካክለህ ስጠው።»

«ምነው? ኮት እኮ ነው፤ ትለብሰዋለህ።»

«የትኛውን ፊቴን ይዤ? ይህ ኮት ከተጀመረ ጀምሮ ማንን ጥሎ ያውቃል? ማንንም! እኔ ላይ ሲደርስ ነው የሰነፈው። ሰው ያየኛል፤ ‹ኮቱ እንኳ አልቻለውም› ይላል። ስቱዲዮውን የሚገዛ አግኝቻለሁ። ሚስቴንና ልጆቼን ይዤ ሰው ወደማያውቀኝ አገር እሄዳለሁ።»

«ወንድሜ!» አለች እህቱ።

ልብስ ሰፊው ነገሩን መዘነ። ዝም ቢል ስሙ እንዳለ ይኖራል፤ ልጁ ግን ይሄዳል፣ ሚስቱም ከዚህ በኋላ ደህና ቀን አታይም። ቢናገር ልጁ ይተርፋል፤ ሱቁና ትዳሩ ግን እግዜር ይሁናቸው። መርፌውን በመርፌ መሰኪያው ላይ ሰካ፣ ኮቱን አነሣና አማቹ ላይ ወረወረው።

«ልበስና ተከተለኝ።»

«ወዴት?»

«ባለወፍጮው ቤት።»

ባለወፍጮው ቁርሳቸውን እያላመጡ ወደ በሩ ወጡ። ልብስ ሰፊው ሰላምታውን በግማሽ ትቶ «ጋሼ፣ ኮትዎን ያውጡት» አላቸው።

«የምን ኮት?»

«ግራጫውን። በውስጥ በኩል ሁለት ኪስ ያደረግሁልዎትን።»

ባለወፍጮው ወደ ጓዳ ገልመጥ አሉ፤ ሚስታቸው ሰምታ እንደሆነ ለማየት ነው። ከዚያ ገብተው ብዙ ቆዩና ከቁም ሣጥኑ ጀርባ አቧራ የለበሰ ጥቅል ይዘው ወጡ።

«ማንም አያውቅም ብዬ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ሁሉንም አሸንፎ እኔን ብቻ ነው እምቢ ያለው። ለዚያውም በሙት! ይህንን ለማን ይነግሩታል?»

ፎቶ አንሺው አንዴ ባለወፍጮውን፣ አንዴ የእህቱን ባል አየ። «እሳቸውም ለብሰው ነበር?»

«ሁሉም ለብሰው ነበር» አለ ልብስ ሰፊው መሬት መሬት እያየ። «ያሸነፈውም የተሸነፈውም። የኮቱ ወሬ ከተነሣ ጀምሮ።»

ባለወፍጮው ግራጫውን ኮት እዚያው በራቸው ላይ አጠለቁት። ትከሻው በልኩ ነው፤ ሆዱ አልሆነም። «ተነሡ» አሉ። «ያ ጸሐፊ ስንት ዓመት ሙሉ ‹እኔን ዕጣ ነው የጣለኝ› እያለ አድርቆናል።»

ጡረተኛው ጸሐፊ ሲገኙ ኮቱን ለብሰውት ነበር። ለካስ በር ዘግተው ቤት ውስጥ ይለብሱት ኖሯል። ሲያዩአቸው ደንግጠው ሊያወልቁ ሲሉ የባለወፍጮውን ግራጫ ኮት ተመለከቱና እጃቸው አዝራሩ ላይ ቀረ። ባለልኳንዳውም ሲጠሩ፣ መምህሩ ባሸነፋቸው ጊዜ በድብቅ ያሰፉትን ሁለተኛውን ኮት ይዘው መጡ፤ እጅጌው ገባ፣ ሌላው አካላቸው ግን ውጪ ቀረ።

እንዲያ ሆነው በዋናው መንገድ ተመለሱ፤ አራት ተሸናፊ በአራት ኮት፣ ልብስ ሰፊው ከኋላ። ዳቦ ቤቱ ጋ የተሰለፈው ሰው ሰልፉን ረስቶ ዞረ። «ይሄ ሁሉ ኮት የማን ሥራ ነው?» ብላ አንዷ ጠየቀች። ባለወፍጮው እድሜ ልካቸውን ያልጮሁትን ያህል ጮኸው «የልብስ ሰፊው ነዋ! የማይሸነፈው!» አሉና ሳቃቸውን ለቀቁት። ፎቶ አንሺው ከሳቁ ብዛት የግድግዳ ድጋፍ ፈለገ። ያን ሁሉ ዓመት የተገነባው ስም ዳቦ ቤት በር ላይ ሲፈርስ ልብስ ሰፊው በገዛ ጆሮው ሰማ።

ሚስቱ ሱቁ በር ላይ ቆማ ትጠብቅ ነበር። ኮቶቹን አንድ በአንድ አየቻቸው። ስታስብ ታየች።

«ቆይ እስቲ» አለች። «የተሸነፈውም ያሸነፈውም ከአንተ ካሰፋ... ለእሷም ሰፍተህላታል!»

የፈሩት ይደርሳል። «ሰፍቻለሁ» አለ።

«ክር አታስገባላት አላልኩህም?!»

«ብለሽኛል። አዝራሩን የተከልሽው ግን አንቺ ነሽ። የሙሽራ እናት ኮት ነው ብዬ የሰጠሁሽ ሰማያዊው...»

እሳት ጎርሳ ልትነሣበት ነው ብሎ ራሱን አዘጋጀ። ግን በዚያ መሐል ወንድሟ ከኋላዋ ተንፈቅፍቆ ሳቀ፤ እንባው እስኪወርድ፣ እንደ ልጅነቱ። እሷም ዞራ አየችው፤ አይታም አልጠገበችው።

«ስቱዲዮውስ?» አለችው።

«የምን መሸጥ! አሁን ካሜራ ላመጣ ነው» ብሎ ሮጠ።

ሦስቱ በኮታቸው ሱቁ ፊት ተደረደሩ። ፎቶ አንሺው የካሜራውን መጫኛ ለእህቱ አሳይቷት አራተኛ ሆኖ ገብቶ ቆመ።

«ልብስ ሰፊውስ?» አሉ ባለልኳንዳው።

«እኔ መቼ ተወዳድሬ አውቃለሁ?»

«ግባ!» አለችው ሚስቱ በክርኗ እየገፋችው። «ከእነሱ ሁሉ ብዙ ጊዜ የተሸነፍከው አንተ ነህ። በየምርጫው አንድ ኮትህ ይወድቅ ነበር።»

ሄዶ ጫፍ ላይ ቆመ። እሷ ካሜራውን ወደ ዓይኗ አስጠጋች፣ መልሳ አወረደችው።

«አንተ፣ ሸሚዝ ብቻ ነው እንዴ የለበስከው? ኮትህን አምጣ።»

«የለኝም።»

«እንዴት የለኝም?»

«ለራሴ ሰፍቼ አላውቅማ» አለ ልብስ ሰፊው።

እሷ ትንሽ ቆማ አየችው፤ ታጥቦ ታጥቦ የሳሳውን ሸሚዝ፣ ሜትር ሲሸከም የኖረውን አንገት። ከዚያ ካሜራውን እንደገና አነሣች።

«ቀጥ ብለህ ቁም» አለችው። «ነገ አንተን ነው የምለካው።»