ማልበስ የሚለው ግስ

አይ፣ «ፑት ኦን» አይደለም፣ እሱ ሰው ራሱ ሲለብስ ነው፣ ሌላ ሰው ስታለብሺ «ድሬስ» ነው የምትይው፣ ብላታለች ቬነታ ሦስቴ፣ ስቶይናም ሦስቴ ረስታዋለች፣ እንዴት አትርሳው፣ ልጇ ኦግኒያን ከአራት ዓመቱ ጀምሮ ራሱ ነው የሚለብሰው፣ እማ ተይኝ እኔ እችላለሁ፣ ቁልፉን አዛንፎ፣ አንዱ ጫፍ ወደ ላይ አንዱ ወደ ታች፣ አሁን በሠላሳ አንድ ዓመቱ አልባሽ አስፈለገው፣ ያውም ባዕድ።

ሊደወል ነው።

እንግሊዝ አገር፣ ከሕንፃ ሥራ መወጣጫ ላይ ወድቆ ከሞተ ዛሬ አሥራ ሁለተኛ ቀኑ፣ ሣጥኑ እዚያው ታሽጎ ነው የሚመጣው፣ ከተማቸው ሎም ሲደርስም አይከፈትም ብለዋታል፣ ስለዚህ ራሷ የሰፋችለትን ሙሉ ልብስ በአውቶቡስ ላከች፣ አስከሬን የምታሰናዳው ሴትዮ፣ ጊሊያን የምትባለው፣ ስለ ልብሱ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ እደውላለሁ ብላለች። የእህትሽ ልጅ ታስተርጉምልሽ ቢሏት፣ እምቢ አለች፣ የዚህን ከተማ ወንድ ግማሹን ሰፍቼ እኔ ነኝ ያለበስኩት፣ ስለ ልጄ ልብስ ማንም አያወራልኝም።

እስቲ በይ እንደገና፣ ትላለች ቬነታ፣ ምድር ቤት የምትኖረው ጡረተኛ የእንግሊዝኛ አስተማሪ፣ «ዌር» ለብሶ መዋል፣ «ፊትስ» ልክ ነው፣ «ሱትስ» ያምርበታል። ለኮቱም ለጫማውም ለባርኔጣውም ያው «ዌር»፣ ምን ዓይነት ሰነፍ ቋንቋ ነው፣ እኛ እንኳ ለጫማ ሌላ ለቀሚስ ሌላ ግስ አለን፣ ደግሞ «ሱት» ሙሉ ልብስም ነው ማማርም ነው፣ እና ሱቱ ሱት ያደርገዋል ልበላት፣ ሳቋ ይመጣል፣ ትደነግጣለች፣ በአሥራ ሁለተኛ ቀኑ ልትስቅ፣ ገና ደጃፉ ላይ የለጠፈችው የሐዘን ማስታወቂያ ወረቀት ሙጫው ሳይደርቅ።

ስልኩ።

ደህና አደሩ ወይዘሮ ስቶይና፣ ለስላሳ ድምፅ፣ ቃሉን አንድ በአንድ፣ ለልጅ እንደሚነገር፣ ኮቱ በጣም ያምራል፣ ግን አዝናለሁ፣ «ኢት ዳዝንት ፊት»።

ገባት። ያንን ግስ ያጠናችው ልክ ነው ለማለት ነበር። እንዴት ልክ አይሆንም፣ እኔ ነኝ የለካሁት፣ ትከሻ አርባ ስድስት፣ ግን ያኔ፣ ከመሄዱ በፊት፣ አራት ዓመት ጡብ ተሸክሟል፣ በስልክ የሚያሳያት ፊቱን ብቻ፣ ደህና ነኝ እማ፣ ትከሻው ሰፍቶ፣ ሳታየው፣ የአላፊ አግዳሚውን ልክ በዓይኗ የምታውቅ ሴት የልጇን አታውቅም።

ከኋላ እንቆርጠዋለን፣ ትላለች ጊሊያን፣ አይታይም፣ ሁሌ የምናደርገው ነው፣ ከፈቀዱልን።

«ከት»። ይህን ማንም አላስጠናትም፣ ታውቀዋለች።

ኖ! ጮኸች፣ ቬነታ ክንዷን ይዛታለች፣ አይቆረጥም፣ ይተርተር፣ ጀርባው መሃል ያለው ስፌት፣ ከገበሩ ሥር ግራና ቀኝ ሁለት ሁለት ጣት ትርፍ ጨርቅ አለ፣ ለወንድ ልጅ ሁሌ ትተዋለች፣ ያገባል፣ ይወፍራል እያለች፣ መተርተር በእንግሊዝኛ ምንድነው ቬነታ፣ ቬነታ አፏን ትከፍታለች፣ አርባ ዓመት አስተምራ፣ ወይኔ እህቴ፣ መጽሐፉ ውስጥ የለም፣ አላውቀውም።

«ኖት ከት። ኦፕን።» ክሩን ክፈቺ፣ ውስጥ፣ ጨርቅ አለ፣ እኔ ተውኩ፣ እተዋለሁ፣ ለእሱ፣ ግሱ ተዘበራርቋል፣ ይዘበራረቅ።

ከዚያ ኮሽታ፣ ገበር ሲገለበጥ፣ ይህን ድምፅ ለማወቅ ቋንቋ አያስፈልጋትም።

አየሁት፣ ትላለች ጊሊያን፣ ድምፅዋ ሌላ ሆኗል፣ ብዙ ጨርቅ ነው የተዉለት። እኔው ራሴ እከፍተዋለሁ፣ መልሼም እሰፋዋለሁ። አሁን ስልኩ ላይ እያሉ ልጀምር?

የሚሆን ቃል ትፈልጋለች፣ የለም፣ በራሷ ቋንቋ ትላለች፣ ቀስ ብለሽ የኔ እህት፣ ከአንገቱ በታች ጀምሪ፣ ወደ ታች፣ አትቸኩይ፣ ክሩ ጠንካራ ነው፣ እና ሴትዮዋ ምን እንደሰማች እንጃ፣ የመጀመሪያው ክር ጧ ሲል ይሰማል፣ ቀጥሎ ሁለተኛው፣ ስቶይና ስልኩን ጆሮዋ ላይ አጥብቃ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ እያንዳንዱን ትሰማለች።