የቢሮ ሰዎች

ቀጭኑ ሰውዬ ከረባቱን አንዴ ላላ አንዴ ጠበቅ እያደረገ፣ ሟቿ ቢሮ ውስጥ ምን ያህል የተወደደች እንደነበረች ለጎረቤቶች ያስረዳል። ጸባይዋ ወርቅ ነበር፣ አንድ ቀን እንኳ ሰው አስቀይማ አታውቅም ይላል። የሟቿ እናት ግድግዳው ሥር በተነጠፈው ፍራሽ ላይ አንገቷን ደፍታ ታዳምጠዋለች። ሰውዬውን በደንብ ታውቀዋለች። አብረው በሚለቅሙበት ቆሻሻ መድፊያ ላይ ሽቦ ብለው ነው የሚጠሩት፤ ለቅጥነቱ ብቻ ሳይሆን ከአሮጌ ጎማ ውስጥ ሽቦ በማውጣት የሚስተካከለው ስለሌለ ነው። ከረባት አስሮ ስታየው ግን ዛሬ የመጀመሪያዋ ነው።

አብረውት የመጡትም እንደዚያው ናቸው። ታጥበው፣ ተበጥረው፣ ከየዘመዱ ልብስ ተውሰው በሩ አጠገብ ባሉት ወንበሮች ላይ ተደርድረዋል። ከመካከላቸው ያለችው አሮጊት ስትገባ እናትን እንደማታውቃት ሰው ጨበጠቻትና "እናቷ እርስዎ ነዎት? እግዜር ያጽናዎት" ብላ አለፈች። ሁለቱ ከአንድ ክምር ላይ ላስቲክ ሲለቅሙ፣ ከአንድ ጀሪካን ውሃ ሲጠጡ፣ አንዷ ስትታመም ሌላዋ የሁለት ሰው ጆንያ ስትሸከም ነው ያረጁት። ሲገናኙ በስድብ ሰላም የሚባባሉ ሴቶች ናቸው። እናት "አሜን" አለች።

እንዲህ አስመስለው የመጡት ለእሷ ሲሉ ነው። አንጀቷን የቆረጠውም ይኸው ነው።

ጎረቤቱ ሁሉ እናት የቢሮ ጽዳት ሠራተኛ፣ ልጇ ደግሞ የቢሮ ጸሐፊ እንደሆኑ ነው የሚያውቀው። ውሸቱ የተጀመረው ልጅቷ ገና በእቅፍ ሳለች ነው። ቤት ልትከራይ የመጣችውን እናት አከራይዋ ሥራሽ ምንድን ነው ብትላት አፏ ላይ የመጣላትን ተናገረች፤ ከዚያ ወዲያ ውሸቱን እንደ ሁለተኛ ልጅ ስታሳድገው ኖረች። ጠዋት በንጹሕ ልብስ ትወጣለች፣ መድፊያው ጋ ስትደርስ ትቀይራለች፣ ፊቷን እስከ ዓይኗ በሻርፕ ትሸፍናለች። ልጅቷ አድጋ፣ ተምራ፣ ሥራ ፈልጋ ፈልጋ ስታጣ በዚያው መንገድ ተከትላት መጣች። እናት ያን ቀን ሰው እንደሞተባት ነው ያለቀሰችው።

ሠፈር ውስጥ ለእናቷ ስትል ጸሐፊ ነኝ ብትልም፣ መድፊያው ላይ ግን ልጅቷ ፊቷን አልሸፈነችም። ከክምር ክምር እየዞረች፣ ለምን ለየብቻችን ተሸክመን ገዢው ባለው ዋጋ እንሸጣለን፣ ማኅበር እናቁም፣ አንድ ላይ እንለይ፣ በራሳችን ሚዛን እንመዝን ትል ጀመር። ሳቁባት። ሽቦም፣ ቆሻሻ ደግሞ ሊቀመንበር አማረው እንዴ ብሎ ቀለደ፤ ኋላ እሱ ራሱ ምክትሏ ሆነ። ከሳቁ ይልቅ የከበደው ሌላ ነገር ነበር። ለመመዝገብ በስምና በፎቶ፣ ፊትን ገልጦ መቅረብ ያስፈልጋል፤ ስንቱ ደግሞ ለሚስቱ ዘበኛ ነኝ፣ ለልጆቹ ነጋዴ ነኝ ብሎ ነው ከቤቱ የሚወጣው። ለየብቻ እየወሰደች ለመነቻቸው። አንዳንዱ ለቤተሰቡ ደፍሮ እስኪናገር ድረስ ወራት ጠበቀችው። ማኅበሩ ሲቆም አልገባም ያለችው የገዛ እናቷ ነበረች።

"እማ፣ እኛ ስንደበቅ እኮ ነው ሰው ከምንም የማይቆጥረን" አለቻት አንድ ምሽት፣ አብረው ሽንኩርት እየላጡ።

"እኔ የተደበቅሁት ላንቺ ብዬ ነው።"

"ታዲያ አሁን አደግሁ አይደል? ውጪ በቃ።"

እናት አልወጣችም። ማኅበሩ መጋዘን ያገኘ ጊዜ ልጅቷ አባላቱን ቤት ልትጋብዝ ብታስብ፣ እናት እነዚያ ሰዎች በዚህ በር እንዳይገቡ ብላ ቆረጠች። ልጅቷ አልተከራከረችም። ለአባላቱ ግን፣ ድንገት ቤታችን የሚያመጣ ነገር ከገጠማችሁ የቢሮ ሰዎች ነን በሉ፣ እናቴን እንዳታሳፍሩብኝ ብላ አደራ አለቻቸው። ድንገት ያመጣቸው ሞቷ ሆነ። መድፊያው ላይ ቆሻሻ የጫነ መኪና ወደ ኋላ ሲመለስ ሹፌሩ ሳያያት ቀረ። ለጎረቤት ከቢሮ ስትወጣ መኪና ገጫት ተባለ።

ልብስ ሰፊዋ ጎረቤት ለለቀስተኛው የታሸገ ውሃ አዞረች። ደግ ሴት ናት፤ ከቀብሩ ጀምራ ስፌት ቤቷን ዘግታ እዚሁ ነው የምትውለው። ቤቱ በሰው ታፍኖ ስለነበር ሁሉም ጠጣ። ሽቦ ስለ ሟቿ የጽሕፈት ፍጥነት እያወራ የራሱን ጨረሰ። ክዳኑን አወለቀ፣ የጠርሙሱ አንገት ላይ የቀረችውን ቀለበት በጥፍሩ ፈለቀቀ፣ ወረቀቱን ላጠ፣ ጠርሙሱን ጉልበቱ ላይ ጨፍልቆ እግሩ ሥር አኖረው። ወሬውን ግን አላቋረጠም፤ እጁ የሚሠራውን ልብ አላለውም። ከጎኑ ያለውም እንዲሁ አደረገ። አሮጊቷም። ትንሽ ቆይቶ በሩ አጠገብ ክዳኑ ለብቻ፣ ጠርሙሱ ለብቻ፣ ወረቀቱ ለብቻ ተለይቶ ተከመረ።

የሰዉ ዓይን ሁሉ ክምሮቹ ላይ ዐረፈ።

"በእናንተ ቢሮ ውሃ የሚጠጣው እንዲህ ነው እንዴ?" አለች ልብስ ሰፊዋ፣ ለክፋት ሳይሆን ገርሟት።

ሽቦ ወደ እግሩ ተመለከተና ፊቱ ተለዋወጠ። "አይ፣ እሱማ… አዲስ መመሪያ ነው። ለጽዳት" አለ።

ያስኬድ ነበር። ልብስ ሰፊዋ አምናው ራሷን ነቅንቃለች፤ የቀረውም ሰው ወደ ወሬው ሊመለስ ነው። እናት ዝም ብትል ነገሩ በዚሁ ያልፋል። ግን ሰዉ ሁሉ ቀኑን ሙሉ የሚያለቅስላትን ያቺን ጸሐፊ እናት አታውቃትም። ለእሷ ልጅ እዚህ ቤት ማንም አላለቀሰላትም።

"ምንም መመሪያ የለም" አለች። ድምጿ ለራሷም እንግዳ ሆነባት። "ልጄ ቢሮ ሠርታ አታውቅም። ላስቲክ ለቃሚ ነበረች። እነዚህን ሰዎች ሰብስባ ማኅበር ያቆመች እሷ ናት። የሞተችውም እዚያው ሥራዋ ላይ ነው።" ትንፋሿን ሰበሰበች። "እኔም ለቃሚ ነኝ። ያሳደግኋትም በዚሁ ነው።"

ሽቦ ከረባቱን ፈትቶ ኪሱ ከተተና እንደ ልጅ ተንሰቅስቆ አለቀሰ። ልብስ ሰፊዋ እናትን ትክ ብላ አየቻት። ስንት ዓመት ግድግዳ ተጋርተን ልትል አፏን ከፍታ ነበር፤ ተወችው። ፊቷን ወደ ወንበሮቹ አዞረችና "በሉ እንግዲህ፣ ስለ እውነተኛዋ ልጅ ንገሩን" አለች።

መጀመሪያ አንዱ ጀመረ፣ ከዚያ ሌላው ቀጠለ። ልጅቷ ሚስቱ ፊት አብራው ቆማ ሥራውን እንዲናገር እንዴት እንደረዳችው አንዱ አወራ። ሳቅ ከእንባ ጋር ተቀላቀለ።

እናት ፍራሹ ላይ ጠጋ ብላ ከጎኗ ቦታ ለቀቀች። አሮጊቷ የሰው እግር እየዘለለች፣ እያነከሰች መጥታ አጠገቧ ተቀመጠች። የተዋሰችው ጫማ ጠቧት ተረከዟን ልጦታል። እናት ጎንበስ ብላ ማሰሪያውን ፈታች፣ ጫማዎቹን ቀስ አድርጋ አወለቀችላት፣ የቆሰለውንም እግር አንስታ ጭኗ ላይ አሳረፈችው።