አርባ እጅ አልኮል

ጓድ ከበበ ያመጣሁለትን ወረቀት አራት ቦታ ቀዶ ቅርጫት ውስጥ ሲጥለው ፊት ለፊቱ ቆሜ ነበር። ሐምሌ ሃያ ቀን 1976። አሁንም ሳስታውሰው ደሜ ይፈላል።

እሱ ከወሰን ሰፈር አለፍ ብሎ ያለው የቀለም ፋብሪካ ሥራ አስኪያጅ፣ እኔ ሰብሪያ ደግሞ ኬሚስቷ ነበርን። ለአሥረኛው የአብዮት በዓል ከመገናኛ እስከ ቀበና ያለው አጥር ሁሉ ቀለም እንዲቀባ ታዘዘ፤ ያውም በክረምት! ዝናቡ ፋታ ሲነሳው ጓድ ከበበ ብልሃት መጣለት። ውሃ ቀስ ብሎ ይደርቃል፣ አልኮል ቶሎ ይደርቃል፤ ስለዚህ ከቀለሙ ፈሳሽ ከመቶ አርባ እጁ አልኮል ይሁን አለ። በቃ፣ ሳይንስ ማለት ይኸው ሆነ።

ቀለም በፈሳሽ ውስጥ የተንሳፈፈ ዱቄት ነው። ብናኞቹ ሁሉ አንድ ዓይነት የኤሌክትሪክ ሙል ስለተሸከሙ አንዷ ሌላዋን ትገፋለች፤ ከመዝቀጥ የሚያድናቸው ይኸው መገፋፋት ነው። አልኮል ሲበዛ መገፋፋቱ ይላላል፣ ብናኞቹ ይጓጉላሉ። በጣሳ ቀላቅዬ ልየው ብል ለመዝቀጥ ሦስት ሳምንት ይፈጃል፤ እሱ የሰጠኝ ግን ሦስት ቀን ነው። ስለዚህ በአንድ መሥሪያ ቤት ኮምፒዩተር ለመጠቀም ለምኜ፣ ስልሳ አራት ብናኞች በቁጥር ፈጥሬ፣ አልኮሉን አምስት አምስት እጅ እየጨመርኩ አየኋቸው። እስከ ሃያ እጅ ደህና ነበሩ። ከሠላሳ ሲያልፍ ተጣበቁና ወደ ታች ወረዱ።

«ታዲያ ብናኞቹ የት አሉ? እስቲ አሳዪኝ!» አለ ጓድ ከበበ።

«በስሌት የተሠሩ ናቸው፣ ጓድ። ግን እውነተኞቹም እንደዚሁ ነው የሚሆኑት። እባክዎ ይመኑኝ።»

«በሌለ ብናኝ ነው በዓሉን የምታስቀሪብን?»

ያኔ ነው የስሌቱን ወረቀት የቀደደው። ከዚያ የቅልቅሉን ትእዛዝ ወደ እኔ ገፋው። በፋብሪካችን ደንብ ያለ ኬሚስት ፊርማ አንድ በርሜል አይከፈትም። በማግስቱ በርሜሎቹ ተከፈቱ።

ነሐሴ አጋማሽ ላይ የቀበና አጥር ላይ የተቀባው ቀይ ቀለም በአንድ ዝናብ ታጥቦ ወንዝ ገባ። መጋዘን የቀሩትን በርሜሎች ስንከፍት ከላይ ሮዝ ውሃ፣ ከታች እንደ ድንጋይ የጠነከረ ዝቃጭ። አሻጥረኛ ይፈለግ ተባለ። ጓድ ከበበም አፉን ሞልቶ ጋሽ ገመዳን ጠቆመ፤ ሃያ ዓመት ቀለም ሲያማስሉ የኖሩትን ሽማግሌ! አልኮሉን እየጠጡ በምትኩ ውሃ ሞሉበት አለ። ጠላ እንኳ የማይቀምሱ ሰው! ወዲያው ታሰሩ። በዚያ ዘመን በአሻጥር የገባ መውጫው አይታወቅም።

ባለቤታቸው እትዬ ብዙነሽ ከእንጦጦ ራጉኤል ሥር ካለው ቤታቸው በእግራቸው ወርደው በር ላይ ጠበቁኝ። «ልጄ፣ አንቺ የተማርሽ ነሽ። እስቲ አንድ ነገር በያቸው» አሉኝ። ዓይናቸውን ማየት አቃተኝ።

መርማሪው ወልደ ሐዋርያት የሚባል ዝምተኛ ሰው ነበር። ለምኜ ኮምፒዩተሩ ወዳለበት መሥሪያ ቤት ወሰድኩት። በሩ ላይ ጥበቃው ወረቀት ደብቃለች ብሎ ማሽኑ ስሌቱን የሚያነብባቸውን የተበሳሱ ካርዶቼን ሳጥን ሲሚንቶው ላይ ዘረገፈው። ስድስት መቶ ካርድ! አንዱ ከተራው ከወጣ ስሌቱ ከንቱ ነው። ደግነቱ ካርድ የምንሠራ ሰዎች የጥቅሉን ጀርባ በእስክሪብቶ ሰያፍ መስመር እናሰምርበታለን። ጥርሴን ነክሼ፣ ተንበርክኬ፣ መስመሩ እስኪገጥም ደረደርኳቸው።

ማሽኑ ያንኑ ደግሞ አተመ። አርባ እጅ ላይ ሁሉም ብናኞች ጓጉለዋል።

«እዩት!» ብዬ ጮህኩ። «ጋሽ ገመዳ አልኮሉን ጠጥተው ውሃ ቢሞሉበት ኖሮ ቀለሙ ይድን ነበር! የዘቀጠው የታዘዙትን ስለቀላቀሉ ነው!»

ወልደ ሐዋርያት ወረቀቱን ደጋግሞ አነበበ።

«ይህን መቼ አወቅሽ?»

«ሐምሌ ሃያ።»

«ትእዛዙ ላይ የፈረመው ማን ነው?»

በጓድ ከበበ ላይ ያጠራቀምኩት ስድብ ሁሉ ወደ ራሴ ዞረ።

«እኔ» አልኩ። «በዚያው ቀን። ፈርቼ።»

ጋሽ ገመዳ በማግስቱ ተፈቱ። እኔ ዓመት ከአራት ወር ታሰርኩ፤ ጓድ ከበበ ወንበሩ ላይ ቀረ። ቅዳሜ ቅዳሜ ስንቅ የሚያመጡልኝ እትዬ ብዙነሽ ነበሩ። ሙስሊም መሆኔን አስበው ሥጋ አያመጡም፤ ሁልጊዜ ሽሮ ነው። «ብዪ» ይሉኛል፣ ሳህኑን ተቀብለው ይሄዳሉ። ለምን እንደፈረምኩ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቁኝም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።