የእማማ አበበች ጉድጓድ

ብርሃነሽ ሁለት ክንዷን ዘርግታ ወደ ኋላ ከሚመጣው አይሱዙ ጀርባ ቆመች። ሹፌሩ ኩማ በመስታወት ሲያያት ፍሬኑን ረገጠው፤ የተጫነው የፋብሪካ እርጥብ አተላ ተናወጠና ከጎን እየተንጠባጠበ መሬት ላይ ወረደ።

"ሴትዮዋ ዛሬ ምን ነካት?" አለ ኩማ። "ሌላ ቀን ቶሎ ገልብጥ እያለች የምትጨቀጭቀኝ እሷ አይደለችም እንዴ?"

አጠገቡ የተቀመጠው ዋሲሁን በሩን ከፍቶ ወረደ። ባለቤቱ ሮዳስ ካሜራ ይመጣል ስላላት ነጩን ሸሚዙን ተኩሳ ነበር የላከችው፤ እንዳይቆሽሽበት ከጭቃው ራቅ ብሎ ቆመ።

"እንዴት አደርሽ ብርሃነሽ? ምነው?"

"ዛሬ እዚህ አይገለበጥም።"

"እንግዶች እኮ መንገድ ላይ ናቸው። ይሄን ካላዩ ምን ሊያዩ ነው?"

"መጀመሪያ አንተ ና እይ" አለችውና መልሱን ሳትጠብቅ ወደ ጓሮ ዞረች። ዋሲሁን ሸሚዙን ረስቶ ተከተላት።

ዋሲሁን ሐዋሳ ዳር ያለው የወረቀት ፋብሪካ የአካባቢ ጥበቃ ባለሙያ ነው። ባልደረቦቹ "የቆሻሻ ሚኒስትር" እያሉ ይቀልዱበታል። ፋብሪካው ያለቀ ደብተር፣ የቆየ ጋዜጣና የተጣለ ካርቶን ይሰበስባል፤ ዘፍዝፎ፣ ፈጭቶ፣ አጥቦ አዲስ ወረቀት ያወጣል። ወረቀት መሆን ያቃተው ደግሞ ግራጫ ሊጥ ሆኖ ይቀራል፤ ሠራተኞቹ አተላ ነው የሚሉት። ድሮ ይህ አተላ በቦይ እየሄደ ሐይቁ ውስጥ ይገባ ነበር። ዋሲሁን በየግምገማው እየተነሳ ስለዚያ ቦይ ሲናገር ብዙ ጊዜ ተስቆበታል፤ አንድ ሁለቴማ ልማት አደናቃፊ ሊባል ምንም አልቀረውም። እሱ ግን ችክ አለ። በመጨረሻ ሐዋሳ አጠገብ ያሉትን የቱላ ሴቶች አገኘ። ሴቶቹ አተላውን ከሰጋቱራ ጋር እየለወሱ፣ በእጃቸው እየጠፈጠፉ፣ በፀሐይ አድርቀው ማገዶ አደረጉት። ቦዩ ተደፈነ። በሕይወቱ "ይህን ሠራሁ" የሚለው ነገር ቢኖር ይህ ብቻ ነበር።

ዛሬ ከክልል የሚመጡት እንግዶች ይህንኑ ሊያዩ ነው። በነሱ አፍ "ተሞክሮ ሊቀስሙ"። ከወደዱት ለሴቶቹ ማኅበር ሼድ ይሰጣቸዋል፤ ክረምት በመጣ ቁጥር ማገዷቸውን ዝናብ እየበላው ማልቀስ ይቀርላቸዋል። ብርሃነሽ የማኅበሩ ሊቀመንበር ስለሆነች ይህን ሼድ እንደምን እንደጠበቀችው ዋሲሁን ያውቃል። ለዚህም ነው ፊቷን ሲያይ የፈራው።

ከቤቱ ጀርባ፣ እንሰቱ መሃል፣ ሁለት ጉድጓዶች ጎን ለጎን አሉ። አንዱ የአማቷ የእማማ አበበች ነው። አሮጊቷ አምና የፋቁትን እንሰት በኮባ ጠቅልለው፣ ድንጋይ ጭነውበት፣ ለፊቼ፣ ለሲዳማ የዘመን መለወጫ፣ ብለው ያቆዩበት ጉድጓድ ነው። ዋሳ የሚሉት ምግብ ከዚያ ነው የሚወጣው። ወራት በቆየ ቁጥር ይበስላል፤ ለቤቱም ጎተራው እሱ ነው። ሌላው ጉድጓድ ባዶ ነበር። አተላው በፀሐይ እየተሰነጠቀ አልለወስ ሲላቸው ሴቶቹ ራሳቸው መላ ዘየዱ፤ እንደ ዋሳው በኮባ ሸፍነው ባዶው ጉድጓድ ውስጥ ከተቱት። እርጥበቱን ጠብቆ ቆየላቸው። ጎረቤቱም ያንኑ አደረገ። ዋሲሁን ያን ጊዜ እንደ ልጅ ነበር የተደሰተው። ፎቶ አንስቶ "ሀገር በቀል ዕውቀት" የሚል ርዕስ ሰጥቶ ሪፖርቱ ውስጥ አስገብቶታል። ሁለቱ ጉድጓዶች ምን ያህል እንደሚቀራረቡ ግን ያኔ ልብ አላለውም፤ ክረምቱም ገና አልገባም ነበር።

እማማ አበበች ከራሳቸው ጉድጓድ አፍ ላይ በርጩማ አድርገው ተቀምጠዋል። ኮባው ተገልጧል። ብርሃነሽ ጎንበስ ብላ ከዋሳው ቆንጥራ መዳፉ ላይ አደረገችለት። በአተላው ጉድጓድ በኩል ያለው ጎኑ ሰማያዊ የነካው ግራጫ ሆኗል። ወደ አፍንጫው አስጠጋው። ሽታውን ለመለየት ማሰብ እንኳ አላስፈለገውም፤ በየቀኑ ልብሱ ላይ ይዞት ቤቱ የሚገባ ሽታ ነው።

"ማነው የበላ?" አለ።

"ባህሩ ትናንት በልቷል" አለች ብርሃነሽ። ባህሩ ባሏ ነው። "ሌሊቱን ሲያስመልሰው አደረ። ከዚህ ይሁን ከሌላ እንጃ። ጎረቤቶቹም ጉድጓዳቸውን እየከፈቱ ነው፤ የከፊሎቹ እንደዚሁ ሆኗል፣ የከፊሎቹ ደህና ይመስላል። እንብላው ወይስ አንብላው ብለው እኔን ይጠይቁኛል። እኔ ምን አውቃለሁ?"

እማማ አበበች በሲዳምኛ አንድ ነገር አሉ። ድምፃቸው ዝግ ያለ ነው፤ ቁጣ የለበትም።

"ምን አሉ?"

ብርሃነሽ መሬት መሬት እያየች ተረጎመችለት። "ፊቼ ደርሷል፣ ልጆቼ ከየሄዱበት ይመጣሉ፣ ምን ላበላቸው ነው እያለች ነው።"

ዋሲሁን መዳፉን አየ። የሰው የዓመት ድካም እዚያ ላይ ተቀምጧል። ከእንሰቱ ስር ፈቀቅ ብሎ ለምክትል ሥራ አስኪያጁ ለአቶ ገብረየስ ስልክ ደወለ።

"ቱላ መግቢያ ደርሰናል" አሉ አቶ ገብረየስ። "ሁሉ ነገር ዝግጁ ነው አይደል?"

"አቶ ገብረየስ፣ አተላው የሰው ምግብ ውስጥ ገብቷል። ዝናቡ ከአንዱ ጉድጓድ ወደ ሌላው አሰረገው።"

አቶ ገብረየስ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፤ ከጎናቸው ሰው አለ ማለት ነው።

"ጉድጓዱን ይሸፍኑት። ዱቄት ለየቤቱ እናስልካለን፣ በዓሉን በሰላም ይውላሉ። ዛሬ ግን ይህ ወሬ እንዳይነሳ።"

"በጋ ላይ የተቀየረው የቀለም ማጠቢያ ኬሚካል ምንድነው? ናሙና ይላክ ብዬ ነበር።"

"ያው የድሮው ዓይነት ነው አልኩህ እኮ።"

"የኬሚካሉን ሰነድ አላየሁትም።"

"ስማኝ ዋሲሁን" አሉ፤ አሁን እንደ ታላቅ ወንድም ነበር የሚያወሩት። "ይህ ሥራ ዛሬ ከፈረሰ አተላው የት የሚሄድ ይመስልሃል? ቦዩን ነው የምንከፍተው። ሌላ ቦታ የለንም። ያን ሁሉ የተሟገትክለት ሐይቅ ነው። ሴቶቹም ሼዱን ያጣሉ። አስብበት።"

ስልኩ ተዘጋ። ዋሲሁን ተናደደ፤ ከንዴቱ በላይ ግን ያንገበገበው ሰውዬው አለመዋሸቱ ነው። ቦዩ እውነት ነው፣ ሼዱም እውነት ነው። ናሙናውን ደግሞ ፋብሪካው አልክም ሲል እሱ ራሱ ይዞ መሄድ ይችል ነበር፤ ዛሬ ነገ እያለ፣ ሥራው የተቃና ስለመሰለው፣ ተወው።

ሁለት ላንድክሩዘሮች ግቢው በር ላይ ቆሙ። ከክልሉ ቢሮ የመጡት ወይዘሮ ጽጌሬዳ ቀድመው ወረዱ፤ ካሜራ የያዘ ጎልማሳ ተከተላቸው። አቶ ገብረየስ ከፊት ሆነው የደረቁትን ማገዶዎች እያነሱ አሳዩ። "ትናንት ቆሻሻ የነበረው ዛሬ ሀብት ሆኗል" አሉ። ወይዘሮ ጽጌሬዳ አንዱን ማገዶ በእጃቸው መዘን አድርገው አጠገቡ ለቆሙት የማኅበሩ ሴቶች ጥያቄ አቀረቡ፤ ሴቶቹ ግን እርስ በርስ ተያዩና ወደ ብርሃነሽ ዞሩ።

ከአጥሩ ውጭ የጎረቤት ሴቶች ተሰብስበው ቆመዋል። ካሜራውን ለማየት የመጡ ይመስላል፤ ዋሲሁን ግን የሚያዩት እሱን እንደሆነ ገባው።

በዚህ መሃል እማማ አበበች ከማድ ቤት ወጡ። በሁለት እጃቸው ኮባ ዘርግተው ይዘዋል፤ ኮባው ላይ ትኩስ የዋሳ ቂጣ አለ፤ ከላዩ ቅቤ ወርዶበታል። እንግዶቹን አልፈው፣ አቶ ገብረየስን አልፈው፣ ዋሲሁን ፊት ቆሙና ዘረጉለት። የቂጣው ጠርዝ ግራጫ ነበር።

ካሜራ ያዡ ጥሩ ነገር ያገኘ መስሎት ጠጋ አለ። አሮጊቷ ቀስ ብለው በሲዳምኛ ተናገሩ።

ብርሃነሽ አልተረጎመችም።

"ምን አሉ እናታችን?" አሉ ወይዘሮ ጽጌሬዳ ፈገግ ብለው።

"ንገሪው" አሉ እማማ አበበች በአማርኛ፤ የሚችሏት አማርኛ ትንሽ ናት።

ብርሃነሽ ወደ ዋሲሁን ዞረች። "መጀመሪያ የመጣህ ቀን አተላውን በባዶ እጅህ ዝቀህ አሳየኸን ትላለች። ምንም የለበትም፣ ልጄን ባጥብበት አልፈራም አልክ ትላለች። እኛም አመንንህ። ዛሬም ምንም የለበትም የምትል ከሆነ ይኸው ብላ። አንተ ከበላህ እኛም እንበላለን። ለልጆቻችንም እንሰጣለን።"

አቶ ገብረየስ ከወይዘሮ ጽጌሬዳ ትከሻ በላይ ዋሲሁንን አዩት። አገጫቸውን ወደ ቂጣው ነቀነቁ። ዋሲሁን ገባው። አንዲት ጉርሻ ናት፤ አንዲት ጉርሻ ሰው አትገድልም፤ ቢበዛ እንደ ባህሩ ሲያስመልሰው ያድራል። ከዚያ ሥራው ይቀጥላል፣ ቦዩ እንደተደፈነ ይቀራል፣ ሼዱ ይሠራል። ደግሞ አሮጊት በሁለት እጇ የዘረጋችውን ምግብ እንዴት ይመልሳል? በዚህ አገር ከዚህ የባሰ ነውር የለም። እጁ ወደ ቂጣው ሄደ። ቅቤው ጣቱን ነካው፤ ሙቅ ነበር።

ቀና ሲል ከአጥሩ ማዶ አንዲት ሴት ልጇን ከጀርባዋ እያስተካከለች ጣቱን በዓይኗ ስትከተል አየ። እሱ ሲጎርስ ሄዳ ጉድጓዷን ልትከፍት ነው።

እጁን ሰበሰበ። ኮባውን ከነቂጣው በሁለት እጁ ተቀብሎ፣ ጎንበስ ብሎ፣ መልሶ በእጃቸው ላይ አኖረው።

"አልበላም፣ እማማ" አለ። አፈረ፣ ግን ቀጠለ። "ይቅርታ ያድርጉልኝ። ውስጡ ምን እንዳለ አላውቅም። ድሮ አውቅ ነበር፤ ኬሚካሉ ከተቀየረ ወዲህ አላስመረመርኩትም። እርስዎም አይብሉ። ልጆችም እንዳይቀምሱ። አተላው አጠገብ ያለ ጉድጓድ ሁሉ፣ ደህና ቢመስልም፣ ተመርምሮ እስኪታወቅ አይነካ።"

"አቶ ዋሲሁን" አሉ አቶ ገብረየስ፣ "ይህን ቢሮ ብንነጋገርበት አይሻልም?"

ወይዘሮ ጽጌሬዳ እጃቸውን አነሱና አስቆሟቸው። ፈገግታቸው ጠፍቷል። "ይናገር" አሉ። ካሜራ ያዡ ግን ካሜራውን ዝቅ አድርጎ መሬት መሬቱን ማየት ጀመረ።

አሁን የሁሉም ዓይን ብርሃነሽ ላይ ነበር። እማማ አበበች ጠበቁ፤ አጥሩ ላይ ያሉትም ጠበቁ። ብርሃነሽ የደረቁትን ማገዶዎች አየች፣ ሼዱ ይሠራበታል የተባለውን ባዶ ቦታ አየች። ዋሲሁንን አሳዘነችው። ለስለስ አድርጋ ብትተረጉመው፣ ግማሹን ብትውጠው፣ እሱ በምን ያውቃል?

ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ መለሰችና ፊቷን ወደ አጥሩ አዞረች። በሲዳምኛ፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ ቃል በቃል እየለየች ተናገረች። ስትጨርስ ልጅ ያዘለችው ሴት መጀመሪያ ዞረች። ሌሎቹ ተከተሏት፤ ሁሉም እየተቻኮሉ ወደየጓሯቸው ሄዱ።

እማማ አበበች ቂጣውን በኮባው ጠቀለሉት። ዋሲሁንን ትክ ብለው አዩትና አንድ ነገር አጉረመረሙ።

"ጾምህን ነው ያለኸው፣ ድንች ልቀቅልልህ ትላለች" አለች ብርሃነሽ። ከዚያ በኋላ ነው ያለቀሰችው፤ ፊቷን ወደ እንሰቱ አዙራ።

ኩማ በመኪናው መስኮት ብቅ አለ። "ዋሴ፣ ይሄን ጭነት ምን ላድርገው?"

"ወደ ፋብሪካው መልሰው።"

"የት ነው የምገለብጠው? ቦዩ ጋ?"

"ቦዩ ጋ አይደለም። ከቢሮው ፊት ለፊት፣ በረንዳው ስር ገልብጠው። እስኪመረመር እዚያ ይቆይ።"

ኩማ አቶ ገብረየስን አየ፣ ዋሲሁንን አየ፣ ሞተሩን አስነሳ። ዋሲሁን ነጭ ሸሚዙን አውልቆ የእንሰት ግንድ ላይ ሰቀለው፤ ከግድግዳው ጥግ አካፋ አንስቶ አተላው ያለበት ጉድጓድ ውስጥ ወረደ።