እንክብልና ጎመን

ባለፈው ዓመት፣ የሱኮት፣ የዳስ በዓል፣ ካለፈ በኋላ በነበረው የመጀመሪያ ሰኞ፣ የአባቴ የደም ማቅጠኛ መድኃኒት ተቀየረ። ለሰባት ዓመት በየማታው አንድ ሲውጡት የኖሩት ትንሽ ክኒን ቀረና በምትኩ ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ የሚወሰድ እንክብል ታዘዘላቸው።

በሐኪማቸው በዶክተር ጋሊ ዓይን ለውጡ ቀላል ነበር። አሮጌው ክኒን በየወሩ ደም እየተቀዳ መለካትን ይጠይቅ ነበር፤ አዲሱ አይጠይቅም። አሮጌው ከጎመንና ጎመን ከመሰሉ ቅጠሎች ጋር አይስማማም ነበር፤ አዲሱ ከቅጠል ጋር ጠብ የለውም። እኔ በመካከላቸው ተቀምጬ ዕብራይስጡን ወደ አማርኛ ስመልስ፣ አባቴ ከሰሙት ሁሉ ይህን የመጨረሻውን ብቻ እንድደግምላቸው ጠየቁኝ።

«ጎመን ይበላል አለች?»

«ይበላል አለች፣ አባባ።»

«ጠይቂያት እስቲ። በልክ ነው ወይስ እስኪጠግቡ?»

ጠየቅኋት። ዶክተር ጋሊ እስኪጠግቡ ነው አለች።

አባቴ አስማማው ከወረቀት ፋብሪካ ጡረታ ከወጡ ወዲህ በእስራኤል፣ በጊቫት ኦልጋ፣ ከእናቴ ከብዙአለም ጋር ከሚኖሩበት ሕንፃ ጀርባ፣ አራት አልጋ በማታህል መሬት ላይ ጎመን ያበቅላሉ። አሮጌው ክኒን በታዘዘ ጊዜ ጎመን ጨርሰው አልተከለከሉም ነበር። የተነገራቸው በየሳምንቱ እኩል መጠን እንዲበሉ ብቻ ነው። እሳቸው ግን ተለክቶ የሚበላ ጎመን ጎመን አይባልም ብለው እርግፍ አድርገው ተዉት። ማብቀሉን አልተዉም። ሰባት ክረምት ሙሉ እየቆረጡ ለጎረቤት ሰጡ፤ የወሰደውን ሰው በማግስቱ ደረጃ ላይ አስቁመው እንዴት እንደተሠራና እንዴት እንደጣፈጠ በዝርዝር ይጠይቁት ነበር።

አዲሱ እንክብል በመጣ በመጀመሪያው ሳምንት በወላጆቼ ቤት ጎመን አምስት ቀን ተበላ። በአምስተኛው ቀን የፋብሪካ ባልንጀራቸው፣ ከላይኛው ፎቅ የሚኖሩት አባ አይቸው ምሳ ላይ ደረሱ።

«አስማማው፣ ፍየል እንኳ መሀል መሀል ቀና ትላለች» አሉ።

«ፍየሏ ሰባት ዓመት ታስራ አልኖረችም» አሉ አባቴ፣ ቀና ሳይሉ።

በሁለተኛው ሳምንት እናቴ ደወሉልኝ። እኔ የምኖረው በክፋር ብራንዳይስ ነው፤ በመኪና ሩቅ አይደለም፤ እናቴ ግን የሚያስጨንቃቸው ነገር ካልገጠመ በሥራ ሰዓት አይደውሉም።

«ሚሪያም፣ አባትሽ ጾም ይዘዋል።»

«የምን ጾም?»

«እኔም ይህንኑ ጠየቅኋቸው። የግሌ ነው አሉኝ።»

«ምንም አይበሉም?»

«ቁርስ የለም። ምሳ ሁለት ጉርሻ። ከዚያ ደረታቸውን እያሻሹ በመስኮት ያያሉ። ጎመኔን አልወደዱትም መሰለኝ። ሰባት ዓመት ሙሉ በሐሳባቸው ሲያጣፍጡት ከርመው የኔ ከየት ይድረስበት?»

በዚያው ሳምንት ዓርብ፣ ከማስተምርበት ትምህርት ቤት በቀጥታ ወደ እነሱ ሄድኩ። አባቴ ጓሮ ነበሩ። ፊታቸው ከስቷል፤ በየጥቂቱ ያገሳሉ፤ ባገሱ ቁጥር የሚያስነጥሱ መስለው አፋቸውን በእጃቸው ይሸፍናሉ።

«አባባ፣ ሆድዎን ያምዎታል?»

«ማን አለ?»

«ማንም አላለም። አይቼ ነው።»

ሁለት ቅጠል ቆረጡ። «አያመኝም። ያቃጥለኛል። እሱ ሌላ ነገር ነው።»

«ምኑ ጋ?»

«ከዚህ እስከዚህ» አሉ፤ ጣታቸው ከእንብርታቸው ተነሥቶ ጉሮሯቸው ሥር ቆመ። «እንደ ሚጥሚጣ ነው። መድኃኒቱ ሥራውን ይዟል ማለት ነው። አሮጌውን ያን ሁሉ ዓመት ስውጠው አንድ ቀን እንኳ ተሰምቶኝ አያውቅም። አሁን ሳስበው፣ ይሠራም አልነበር።»

ይህን ሲናገሩ በድምፃቸው ውስጥ ኩራት ነበረ። ቀጥለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ለሮፋዋ ግን እንዳትነግሪያት።»

«ለምን?»

«ዶክተር አይደለች? ትደነግጣለች። ደንግጣ አሮጌውን ትመልስብኛለች።» ከዚያ በኋላ ያዩት እኔን ሳይሆን ጎመናቸውን ነው።

ምንም ቃል አልገባሁላቸውም። ዝም አልኩ፤ እሳቸው ግን ዝምታዬን እንደ ስምምነት ወሰዱት። ዝም ያልኩት ብቆጣቸው መድኃኒቱን ደብቀው እንዳይተዉት ስለፈራሁ ነው። መድኃኒቱ በመጀመሪያ የታዘዘው፣ ከሰባት ዓመት በፊት አንድ ጠዋት የአባቴ አፍ ወደ አንድ ወገን ተጣሞ፣ ቀኝ እጃቸው የያዘውን ብርጭቆ ለቆ፣ ስማቸውን መጥራት እንኳ አቅቷቸው ስለዋሉ ነበር። አንደበታቸው በዚያው ዕለት ማምሻውን ተመለሰ። የልባቸው ምት የተዛባ በመሆኑ በልባቸው ውስጥ የሚረጋ ደም ወደ ጭንቅላታቸው ሊሄድ እንደሚችል፣ ይህን የሚከለክለውም መድኃኒቱ ብቻ እንደሆነ ያን ጊዜ ተነግሮናል። ስለዚህ ለመተው ቀርቶ ለማጓደል እንኳ የሚያስችል ምክንያት አልነበረም።

እሑድ ጠዋት እናቴ ከወትሮው ቀድመው አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ተነሥተው ባላቸውን ከአልጋቸው አጧቸው። ያገኟቸው በትንሿ ክፍል ነው። የመስኮቱ መከለያ፣ ትሪሱ፣ እስከ ታች ወርዷል፤ አባቴ ጋቢ ተከናንበው በግራ ጎናቸው ተኝተዋል።

«አንቱ፣ ምን ሆኑ?»

«መድኃኒት ላይ ነኝ። በሩን ዝጊው፣ ጥላ እንዳያርፍብኝ።»

እናቴ ወዲያው ገባቸው። አባቴ ባደጉበት በወገራ መድኃኒት ማለት ተቀጥቅጦ የሚጠጣ ሥር ነበር። ሥር ደግሞ ሕግ ነበረው። ወፍ ሳይንጫጫ፣ በባዶ ሆድ፣ ከሰው ተሸሽጎ ይወሰዳል፤ የወሰደው ሰው ይተኛል እንጂ አይቀመጥም፤ ፀሐይ ከፍ እስክትል ድረስ እህል አይቀምስም፤ ከውጭ፣ ከፀሐይ የመጣ ሰው አያየውም፤ ሆዱን ካላቃጠለው ደግሞ ሥሩ አልያዘም ማለት ነው። አሮጌው ክኒን ትንሽ ስለነበረች ለዚህ ሁሉ ክብር አልበቃችም፤ ማታ ማታ ከሻይ ጋር ትዋጥ ነበር። አዲሱ እንክብል ግን ትልቅ ነው፤ ሁለት ቀለም አለው፤ ከነማሸጊያው ካልሆነ እንዳይቀመጥ ትእዛዝ አለበት። አባቴ የሥሩን ሕግ አንድም ሳያጎድሉ ለእንክብሉ ሰጡት።

በዚህ መካከል በሩ ተንኳኳ። አባ አይቸው ከጸሎት ቤት እየተመለሱ ነበር።

«አስማማው ተነሥቷል?»

«መድኃኒት ላይ ናቸው» አሉ እናቴ። «ከፀሐይ መጥተው አይገቡም።»

አባ አይቸው ደረጃው ላይ ቆሙ። «የማን መድኃኒት ነው?»

«የቁፓት ሆሊሙ» አሉ፤ ክሊኒኩን ማለታቸው ነው።

«ከፋርማሲ የመጣ የሚዋጥ ካዱር ጥላ ሲፈራ ዛሬ ሰማሁ» አሉ። አሉ እንጂ አልገቡም። በሩን እንኳ ጀርባቸውን ሰጥተው ነው የዘጉት።

እናቴ ነገሩን እንደ ቀልድ ሊተዉት ተዘጋጅተው ነበር። ከጥቂት ሰዓት በኋላ ግን የአባቴን ኮት ሊያጥቡ ኪሱን ሲፈትሹ በወረቀት መሐረብ የተጠቀለሉ አምስት እንክብሎች አገኙ። የማታዎቹ ነበሩ።

«አፍዎ ተጣሞ የዋለበትን ቀን ረስተውታል?»

«አልረሳሁም።»

«ታዲያ ይህ ምንድን ነው?»

«ማታ ከወሰድኩት እስኪነጋ ቃር ሲፈጀኝ ያድራል። የጠዋቱን በደንብ አድርጌ ስለምይዘው ይበቃል ብዬ ነው።»

«ማን ነው ይበቃል ያለዎት?»

አባቴ እንክብሎቹን በጣታቸው መቁጠር ያዙ።

«እሺ፣ ይንገሩኝ» አሉ እናቴ። «ከጎመንና ከአንደበት የትኛው ይሻልዎታል?»

አባቴ ለማሰብ ጊዜ ወሰዱ። እናቴን ከሁሉ ይልቅ ያስቆጣቸው ይህ ነው።

እሑድ የሥራ ቀናችን ስለሆነ፣ በትምህርት ቤቱ ዕረፍት ሰዓት ደውለው ሲነግሩኝ ለማግስቱ ጠዋት ዶክተር ጋሊ ዘንድ ቶር፣ የቀጠሮ ተራ፣ አስያዝኩ። የዚያን ዕለት ማታ አባቴ እንክብሉን ወሰዱ፤ እናቴ አፋቸውን አስከፍተው አይተዋል። ጠዋት በመኪና ስንሄድ አባቴ ከፊት፣ እናቴ ከኋላ ተቀመጡ።

«ዛሬ እኔ የምልሽን ብቻ ነው የምትተረጉሚው» አሉ አባቴ።

«እኔ የምለውንም ትተረጉማለች» አሉ እናቴ።

«የታመምኩት እኔ ነኝ።»

«አልታመምኩም ሲሉ አልነበር?»

የተባለውን ሁሉ እንደምተረጉም ነገርኳቸው። ሁለቱም ያሸነፉ መሰላቸው።

ዶክተር ጋሊ የእናቴን ነገር እስከ መጨረሻው ሰማች። አምስቱን እንክብሎች ጠረጴዛው ላይ ስታያቸው ፊቷ ተለወጠ፤ ግን አልተቆጣችም። ወደ አባቴ ዞራ፣ እኔ ከሁለት ሳምንት በፊት ልጠይቀው ይገባኝ የነበረውን ጥያቄ ጠየቀቻቸው፦ መድኃኒቱን እንዴት ነው የሚወስዱት?

አባቴ በጥያቄው ደስ አላቸው። ስለ ትሪሱ፣ ስለ ጋቢው፣ ስለ ግራ ጎናቸው፣ ስለ ጥላው አንድ በአንድ አስረዱ። አንድ በአንድ ተረጎምኩ።

«ስንት ውሃ ይጠጡበታል?» አለች ዶክተሯ።

«ግማሽ ጉንጭ። ውሃ ሲበዛ መድኃኒቱን ያቀጥነዋል።»

«ማቅጠኛ አይደለም እንዴ?» አሉ እናቴ፤ ይህንን መተርጎም አልቻልኩም።

በመጀመሪያው ቀን እኔ የነገርኳቸው፣ እንክብሉ ከምግብ ጋርም ያለ ምግብም ሊወሰድ እንደሚችል፣ በሙሉ ብርጭቆ ውሃ እንደሚዋጥ ነበር። ትርጉሙ ትክክል ነበር። አባቴ ከሁለቱ አንዱን ሲመርጡ የትኛውን እንደሚመርጡ የማውቀው ደግሞ እኔ እንጂ ዶክተሯ አልነበረችም።

ከዚያ ዶክተር ጋሊ የሰገራቸው ቀለም ጥቁር ሆኖ ያውቅ እንደሆነ ጠየቀች። ጥያቄው ለልጅ ከባድ ነበር። በተቻለኝ ትሕትና አማርኛ አደረግሁት። አባቴ ግድግዳውን ተመለከቱና ወደ እናቴ ጆሮ አዘነበሉ። እናቴ ለክፍሉ ሁሉ በሚሰማ ድምፅ መለሱ።

«አረንጓዴ ነበር አሉ። እሱም የመጀመሪያው ሳምንት ነው። አሁን ምን በልተው ይመጣል?»

ስተረጉምላት ዶክተር ጋሊ ሳቀች፤ አባቴም ግድግዳውን እያዩ ሳቁ። ቢሆንም በውስጥ የሚደማ ነገር አለመኖሩን ለማረጋገጥ ደም እንዲመረመር አዘዘች። ከዚያ ወንበሯን ወደ አባቴ አቀረበችና ቀስ ብላ፣ ለእኔ ጊዜ እየሰጠች አስረዳቻቸው።

መድኃኒቱ ሥራውን የሚሠራው በደም ውስጥ፣ ድምፅ ሳያሰማ ነው። ማቃጠሉ የጨጓራ አቤቱታ እንጂ የመድኃኒቱ ሥራ አይደለም። ይህ እንክብል አንዳንድ ሰው ጨጓራ ላይ ይከብዳል፤ በጥቂት ውሃ ተውጦ ወዲያው ሲተኙበት ደግሞ ጉሮሮ ውስጥ ተጣብቆ ይቀርና ያቆስላል። በምግብ መካከል፣ ቁጭ ብለው፣ በሙሉ ብርጭቆ ውሃ ይውሰዱት፤ ከዚያም ቢያንስ ግማሽ ሰዓት አይተኙ። እንክብሉን ከፍተው ዱቄቱን እንዳይወስዱ። ከሁሉም በላይ፣ አንድም ቀን እንዳያጎድሉ። በሁለት ሳምንት ካልተሻላቸው ለጨጓራ የሚቀል ሌላ የደም ማቅጠኛ አለ፤ ከፈለጉም ዛሬውኑ ሊቀየርላቸው ይችላል።

አባቴ ሁሉንም በጥሞና ሰሙ።

«ሌላ ስትል አሮጌውን ነው?»

«አሮጌውን ማን አነሣው?» አለች ዶክተር ጋሊ። «ሌላኛውም ቢሆን ጎመን አይከለክልም። በዚህ ምክንያት ነው የደበቁኝ?»

«ይህን ቀድማ ብትነግረኝ ኖሮ» አሉ አባቴ ወደ እኔ ዞረው።

«ቀድመው ቢጠይቁ ኖሮ» አሉ እናቴ።

ዶክተር ጋሊ እጆቿን አጣምራ ጠበቀች። ዛሬ ይቀየርልዎ ወይስ ይህኛውን ሁለት ሳምንት በትክክል ወስደው እንየው? ተረጎምኩላቸው። አባቴ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አዞሩት።

«ሰው ባለበት ቢወሰድ አይበላሽም?»

«አይበላሽም» አለች። «እንዲያውም ሰው ቢኖር ይሻላል።»

አባቴ ጠረጴዛው ላይ ያሉትን አምስት እንክብሎች፣ ቀጥሎ እናቴን ተመለከቱ። እናቴ መስኮቱን እያዩ የቦርሳቸውን መዝጊያ ይከፍቱ ይዘጉ ነበር።

«ይህኛውን እቀጥላለሁ» አሉ አባቴ። «ጠዋትም ማታም፣ ገበታ ላይ ተቀምጬ፣ ብዙአለም እያየችኝ።»