የከሰዓቱ ፊርማ

ሴትየዋ በለቅሶ ቤቱ በር ላይ ቆማ ለመግባት አመነታች። ሐዘንተኛዋ ልብስ ሰፊ ገና ስታያት አወቀቻት፤ ሟች እናቷ አቤቱታ የጻፈችባት አስታማሚ ነች። ለቅሶ የመጣ ሰው አይመለስምና አጠገቧ ወንበር ሰጠቻት።

እናቷ ሠላሳ ዓመት ማተሚያ ቤት አራሚ ነበረች። የተሳሳተ ፊደል ካየች ምሳ አይወርድላትም። እግሯ ከድቷት የአረጋውያን መጦሪያ ስትገባም ዓይኗ ጡረታ አልወጣም። እዚያ አልጋ ላይ የዋለ ሰው ጀርባው እንዳይቆስል በየሁለት ሰዓቱ ይገላበጣል፤ ያገላበጠውም ወረቀቱ ላይ ይፈርማል። አንድ ቀን ጠዋት በሦስት ሰዓት ወረቀቱን ብታየው የከሰዓቱ ሁሉ በዚህችው አስታማሚ ተፈርሞ አገኘችው። አጠገቧ የተኙት አሮጊት ደግሞ ጀርባቸው ቆስሏል። መጦሪያዎችን ለሚቆጣጠረው መሥሪያ ቤት ጻፈች፤ አንዲት ነጠላ ሰረዝ እንኳ ቦታዋን አልሳተችም።

ልጇ ግን ፈራች።

«እማዬ፣ ተይው። እኔ ወደ ቤቴ እሄዳለሁ፤ አንቺ እነሱ እጅ ላይ ነሽ።»

እናቷ ሳቀችባት። አቤት ያለን ሰው መበቀል በሕግ እንደሚያስቀጣ ነግራት፣ ካላመንሽ አንቀጹን በቃሌ ልበልልሽ አለቻት። ልጇ አላመነችም። ሰባት ወር ሙሉ ልትጠይቃት በሄደች ቁጥር ሰንበር ይኖር ይሆን ብላ የእናቷን ክንድ በዓይኗ ስትፈትሽ ከረመች። ዛሬም፣ በለቅሶው ሦስተኛ ቀን፣ የሚያንገበግባት ይኸው ነው።

ጎረቤቶች ሻይ ሊያፈሉ ሲነሱ አስታማሚዋን ጠየቀቻት።

«እናቴን ተበቅለሻታል?»

አስታማሚዋ አልተቆጣችም። ተቆጣጣሪዎቹ መጥተው አረጋውያኑን አንድ በአንድ፣ በር ዘግተው እንዳነጋገሩ ነገረቻት። እሷ ማስጠንቀቂያ ተሰጣት፤ ሃያ ሁለት አልጋ ለብቻዋ የጫነባት መጦሪያም ሁለት ሰው እንዲጨምር ተገደደ።

«መጀመሪያ እናትሽን በሰዓቱ የማገላብጣቸው ሕጉን ፈርቼ ነበር፤ አልዋሽሽም» አለች። «አንድ ወር ሙሉ ከሰላምታ በቀር አልተነጋገርንም። በኋላ የጻፍኩትን ሪፖርት ሁሉ ያርሙልኝ ጀመር። ተማሪያቸው ሆንኩልሽ። ወሬያቸው ናፍቆኝ ሰዓቱ ሳይደርስ እሄድ ነበር። የመጨረሻ ቀንም ያጠብኳቸው እኔ ነኝ። ጀርባቸው ላይ አንድ ጭረት የለም።»

ልብስ ሰፊዋ ደረቷን ቀለላት። ደስ አላት፤ በእናቷ ለቅሶ ደስ ማለቷም ነውር አልመሰላትም። ሦስት ቀን እምቢ ያላት እንባ ያኔ መጣና ጉልበቷ ላይ አጎነበሰች። አስታማሚዋ አንድ እጇን ትከሻዋ ላይ፣ ሌላውን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ እናቷን ስታገላብጥ እንደለመደችው፣ እንዳያማት ቀስ ብላ ወደ ራሷ አዞረቻት።