ሲግል የሚቆራርጥ ሞተር

«ፍጥነት ነው የገደለው» አለች አክስትየው ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ስንቴ መከርነው! መቼ ይሰማል?»

አጠገቧ የተቀመጡት ለቀስተኞች ራሳቸውን ነቀነቁ። መካኒኳ የሻይ ትሪ እንደያዘች መካከላቸው ቆማ ሰማች። የሞተው ታናሽ ወንድሟ ነው፤ ሲፈጥን አይታው አታውቅም። በየመድኃኒት ቤቱ መድኃኒት የሚያደርስ ልጅ ስለነበር ጠርሙስ እንዳይሰበርበት ጉድጓድ ባየ ቁጥር ይጠነቀቃል። ጓደኞቹ «ሙሽራ ጭነሃል እንዴ?» እያሉ ይስቁበት ነበር።

ትሪውን አስቀምጣ ወደ ጓሮ ወጣች።

ፖሊስ የመለሰው የወንድሟ ሞተር ሳይክል የኋላ ጎማው ተጣሞ ቆርቆሮው ቤት ውስጥ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ካመጡት ጀምሮ በአጠገቡ ስታልፍ ፊቷን ታዞራለች።

ከአደጋው በፊት በነበረው ሰሞን ወንድሟ ጋራዧ መጥቶ «እትዬ፣ አንዳንዴ ይቆራርጥብኛል። ዳገት ላይ፣ በደንብ ከጋለ በኋላ» ብሏት ነበር። አስነስታ አዳመጠችው። እንከን የለውም። «የሚቆራርጠው ጆሮህ ነው» ብላ አሳቀችው። ተመልሶ ሲመጣ ግን አልሳቀም። «አብረን ዳገቱን እንውጣና ስሚው» ብሎ ለመናት። የደንበኞች ሞተር ሳይክሎች ተደርድረው ይጠብቋት ነበር። ለሞተሩ እሳት የሚሰጠውን ካንዴላ በአዲስ ቀየረችለትና «በል ሂድ፣ ሥራ አታስፈታኝ» ብላ ጀርባውን መታ መታ አድርጋ ሸኘችው።

ሲግል ብቻ የሚመጣ ብልሽት እስኪግል መጠበቅ እንደሚፈልግ ትናንት ጋራዥ የገባ ጀማሪ እንኳ ያውቃል። ለሌላ ሰው ቢሆን ትጠብቅ ነበር። ወንድሟ ነውና አልጠበቀችም።

አሁን ቆርቆሮው ቤት ገብታ አስነሳችው። እንደዚያን ቀን ልስልስ ብሎ ተነሳ። አጠገቡ ቁጢጥ ብላ ጠበቀች። ሙቀቱ ፊቷን መጋረፍ ሲጀምር ሞተሩ ተፍ አለ። ተስተካከለ። ደግሞ ተፍ አለ። ነዳጅ ጋኑ ሥር ጎንበስ ብላ ስታይ ጨለም ባለው ቦታ ሰማያዊ ብልጭታ ከሽቦው ወደ ብረቱ ዘለለ። ወደ ካንዴላው እሳት የሚወስደው ሽቦ ላስቲኩ ተሰንጥቋል። ሲግል ስንጥቁ ይከፈትና እሳቱ ካንዴላው ጋ ሳይደርስ ይቀራል፤ ሞተሩም ይጠፋል።

አጥፍታ በጨርቅ ጠረገችው። ስንጥቁ የቆየ ነው፤ ዘይትና አቧራ ጠግቦ ጠቁሯል። አደጋው ያመጣው ነው ብላ ራሷን እንኳ ልታታልል አልቻለችም። ያን ቀን አንድ ብርጭቆ ሻይ እስክትጠጣ ብትታገሥ ኖሮ ታየው ነበር።

ወደ ቤት ስትመለስ ወሬው ቆሟል። በሩ አጠገብ አንድ ሰውዬ ኮፍያውን በሁለት እጁ እያሻሸ ቆሟል። ወንድሟን የገጨው የጭነት መኪና ሹፌር ነው።

«ፈጣሪ ያጽናዎት እናቴ» አለ ፍራሽ ላይ ወደተቀመጠችው እናቷ ዞሮ። «ከፊቴ ነበር የሚሄደው። ዳገቱ መሃል ድንገት ቀጥ አለብኝ። ፍሬን ያዝኩ… አልደረሰልኝም።»

«ቀጥ አለ ይላል እንዴ!» አለች አክስትየው። «የሞተ ሰው አይመልስ፣ ምን ቸገረው!»

እናትየው ከፍራሹ ላይ ሆና አየችው። «ልጄ መንገድ መሃል የሚቆም እብድ ነበር ነው የምትለኝ?»

ሹፌሩ አንገቱን ደፍቶ ወደ በሩ ዞረ። መካኒኳ ዝም ካለች ሰውዬው ይሄዳል፤ እሷን የሚጠይቃት ማንም የለም። ይህ ሐሳብ ደስ ሲላት ተሰማትና ራሷን ፈራች።

«እውነቱን ነው» አለች። «ሞተሩ ነው የጠፋበት። አሁን አስነስቼ አየሁት። ነግሮኝ ነበር እማዬ… ሁለቴ ነግሮኝ ነበር። በቅጡ ሳላይለት መለስኩት።»

አክስትየው አፏን በእጇ ከደነች። ሹፌሩ እዚያው ደፉ ላይ ቁጭ ብሎ ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ።

እናትየው ግን ቀና ብላ ልጇን አላየቻትም። ዓይኗን ወለሉ ላይ ተክላ ቀረች። መካኒኳ መሄጃው ጠፍቷት፣ ዘይት የነካውን እጇን ከጀርባዋ ደብቃ ቆመች። ከብዙ ቆይታ በኋላ እናትየው፣ እንዳቀረቀረች፣ ፍራሹ ላይ የተዘረጋውን የቀሚሷን ጫፍ ወደ ራሷ ሰብሰብ አደረገች። ከጎኗ አንድ ሰው የሚያስቀምጥ ቦታ ተገኘ።